ልጅ ያቦካው

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ስለ ሊጥ ብቻ የተነገረ አይደለም። ልጅ የሠራውን ሥራ፣ ልጅ የሰጠውን ሐሳብ፣ ልጅ ያወራውን ወሬ ሁሉ ባንድነት ከማዕድ የሚያስነሣ ፍርድ ነው። ይኸው ፍርድ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ሲገባ መልኩን ለውጦ ይገኛል። መምህሩ «ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፋችሁ ጻፉ» ብሎ ያዛል። ሃምሳ ደብተር ይሰበሰባል። መምህሩም ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያርም ያመሻል። ከሃምሳው ልጆች አንዷ በዚያ ክረምት ወንድሟን ቀብራ ይሆናል። ደብተሯ ሲመለስላት ግን የምታገኘው «አራት ነጥብ አትርሺ» የሚል ማሳሰቢያና ከ10 ሰባት ነው።

እንዲህ ያለው መምህር ክፉ ሰው አይደለም። ሥራውን ሠርቷል፤ አራት ነጥብም ሊረሳ አይገባውም። ይሁን እንጂ በእርሱና በልጅቷ መካከል የተደረገውን ነገር ንግግር ብሎ መጥራት ያስቸግራል። ንግግር የሚናገር ብቻ ሳይሆን ሊሰማ የፈለገ ሰውም ይሻልና። በዕለት ኑሮ መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ወይ ቀልደኛ ነው፣ ወይ ወጥመድ ዘርጊ ነው። በክፍል ውስጥ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ልጆችም ይህን ቶሎ ይረዱታል። ስለዚህ የሚጽፉት የሆነውን ሳይሆን የሚታረመውን ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንዳይሳሳት አጭር ይሆናል፤ ክረምቱ «ደስ የሚል» ይሆናል፤ ወንድምየው ይቀራል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ አዋቂው ልጅ የሚናገረውን ነገር በእውነት ሊሰማው ይገባዋልን? ሊሰማው ከመረጠስ ምን ዕዳ ይገባበታል? የመጀመሪያውን ጥያቄ የትምህርት ሊቃውንት ብዙ ጊዜ አንሥተውታል። ሁለተኛው ግን እምብዛም አይነሣም፤ ምናልባትም መልሱ ዋጋ ስለሚያስከፍል ይሆናል። ሁለቱንም ጥያቄዎች አጣምሮ የሚያሳይ ታሪክ በአንድ የፈረንሳይ መንደር ከተገዛች አነስተኛ የማተሚያ መኪና ይጀምራል።

ሴለስታን ፍሬኔ በ1896 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ተራሮች መካከል ጋር በምትባል መንደር ተወለደ። መምህር ለመሆን ሲሠለጥን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ደረሰበትና ዘመተ፤ በ1917 ሳንባው ላይ ቆሰለ። ረጅም ጊዜ ታክሞ በ1920 ባር ሱር ሉ በተባለች መንደር በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ተመደበ። ይሁን እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መናገር አልቻለም፤ ትንፋሹ ያጥረው ነበር። ስለ ማስተማር ጥበብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ታላቅ ሐሳብ ከታላቅ ንባብ ይወለዳል ይላሉ። ይህኛው ሐሳብ ግን ቢያንስ በከፊል የተወለደው ከቆሰለ ሳንባ ነው። መናገር የማይችል መምህር ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ሌሎች እንዲናገሩ ያደርጋል።

ፍሬኔ ልጆቹን ይዞ ከክፍል ይወጣ ጀመር። ሸማኔውን፣ አናጢውን፣ የወይራ ዛፉን አይተው ይመለሳሉ። ሲመለሱም ስላዩት ነገር ያወራሉ፤ እርሱም ወሬያቸውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። ሚስቱ ኤሊዝ ፍሬኔ ኋላ በጻፈችው ታሪክ እንደተረከችው፣ ልጆች ቀንድ አውጣዎች ይዘው መጥተው በክፍል ውስጥ እሽቅድምድም ያካሄዱበት ቀን ነበር። ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ እነዚያን ዝግተኛ ተወዳዳሪዎች ይመለከት ነበር። ውድድሩ ሲያበቃ የሆነው ሁሉ በሰሌዳው ላይ ተጻፈ፤ ልጆቹም በጉጉት አነበቡት። ቀጥሎ የመማሪያ መጽሐፉ ሲገለጥ ግን ጉጉቱ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። መጽሐፉ ስለማያውቋቸው ሰዎች፣ እነርሱ በማይናገሩበት አነጋገር ይተርካልና።

መምህሩን የከነከነው አንድ ተራ ነገር ነበር። ሰሌዳው ማታ ይጠረጋል። የመጽሐፉ ቃል ግን ነገም በቦታው ይገኛል። ልጁም ከዚህ ምንም ሳይነገረው አንድ ትምህርት ይቀስማል፤ የእርሱ ቃል የሚጠረግ፣ የሌላው ቃል የሚኖር መሆኑን። ፍሬኔ በ1924 አነስተኛ የእጅ ማተሚያ መኪና ገዝቶ ወደ ክፍሉ ያስገባው ይህንኑ ለመለወጥ ነው።

በዚህች መኪና ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ስለ ፍሬኔ ሲናገሩ ሐሳቡን ያወድሱና እርሳሱን ይረሱታልና። ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፊደል ለቃሚ ቃሉን የሚያውቀው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱም ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከሣጥኑ ይለቀማል፤ ተገልብጦ ይደረደራል፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታ እንኳ ራሱን የቻለ ቁራጭ እርሳስ ነው። ከዚያ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይነጠፍበታል፤ ይጫናል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አንድ መስመር ለመደርደር ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ የማያስፈልግ ቃል በመስመሩ ውስጥ ሲገኝ የሚቃወመው መምህሩ ሳይሆን የልጁ ጣት ነው። የተዘለለ ፊደል ቢኖር በቀይ ቀለም የሚያሰምርበት አያስፈልግም፤ በሁሉም ቅጂ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ለቃሚውም ራሱ ማንም ሳያዘው አውጥቶ ያርመዋል። ሥራው ሲያበቃ ፊደላቱ ታጥበው ወደየሣጥናቸው ይመለሳሉ፤ ነገ ሌላ ነገር ለመናገር። (የላቲን ፊደል ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ከ200 በላይ ሆሄያት ያሉት የኢትዮጵያ ፊደል ቢሆን ኖሮ ሣጥኑ የክፍሉን ግድግዳ አንድ ወገን በሸፈነ ነበር። በዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ሥራው የግድግዳ ጋዜጣና የማባዣ መኪና ድርሻ ሆኖ የኖረው በከፊል በዚህ ምክንያት ይሆናል።)

መኪናዋ ቃልን አኖረች፤ ይሁን እንጂ የቀረ ነገር ነበር። የታተመ ወረቀትም ቢሆን አንባቢው ያው የክፍሉ ልጅ ከሆነ ምን አዲስ ነገር ይነግረዋል? በ1926 የፍሬኔ ክፍል በፈረንሳይ ምዕራብ ጫፍ፣ በብሬታኝ፣ ትሬጉንክ በተባለ ስፍራ ከሚያስተምረው ከሬኔ ዳኒየል ክፍል ጋር የታተሙ ገጾችን መለዋወጥ ጀመረ። እነዚህ የወይራና የብርቱካን አበባ ልጆች ነበሩ፤ ከባር ሱር ሉ የሚለቀመው አበባ ግራስ በምትባለው ከተማ ሽቶ ይሠራበት ነበር። እነዚያ ደግሞ የውቅያኖስ ዳር ልጆች ነበሩ። አንዱ የሌላውን ኑሮ አያውቅም።

ነገሩ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ለማያውቅ ሰው የሚጽፍ ልጅ «አበባ ለቀምን፤ ደስ አለን» ብሎ ሊያልፍ አይችልም። ትሬጉንክ ያለው ልጅ አበባው በምን እንደሚለቀም፣ ማን እንደሚለቅመው፣ በስንት እንደሚሸጥ ያውቅ ዘንድ ይሻል፤ ካልተነገረው ደግሞ ይጠይቃል። ልጁም ለመመለስ ወደ እናቱ ሄዶ መጠየቅ፣ መቁጠር፣ መመዘን ይኖርበታል። እንግዲህ እውነትን መናገር እዚህ ላይ የምግባር ትምህርት ርእስ መሆኑ ቀርቶ የሥራው ፍላጎት ይሆናል። ለመምህሩ የሚጻፍ ውሸት ማንንም አይጎዳም፤ ቢታወቅም ነጥብ ቢያስቀንስ ነው። በሩቅ አገር ለሚያምን ልጅ የሚጻፍ ውሸት ግን ያ ልጅ እንደ እውነት ይዞት የሚኖር ነገር ነው። አንድ ልጅ ቃሉ ሰው እንደሚነካ የሚያውቀው በስብከት ሳይሆን በዚህ ዓይነት አጋጣሚ ነው።

መምህሩስ ምን አገኘ? ብዙ ጊዜ «ከተማሪዎች ጋር መቀራረብ» ሲባል ፈገግታ፣ ትከሻ መታ መታ ማድረግ፣ ስም ማወቅ ይመስላል። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ግን ሳይሰሙም ሊደረጉ ይችላሉ። ፍሬኔ ወደ ልጆቹ የቀረበው እነርሱ የሚያውቁት፣ እርሱ ግን የማያውቀው ነገር እንዳለ ስለተቀበለ ነው። ይህን ጥያቄ ከእርሱ በፊት ሌቭ ቶልስቶይ አንሥቶት ነበር። በ1862፣ በያስናያ ፖልያና ላቋቋመው የገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት በሚያሳትመው መጽሔት ላይ፣ መጻፍን ማን ከማን ይማር፣ የገበሬ ልጆች ከእኛ ወይስ እኛ ከገበሬ ልጆች ብሎ ጽፏል። ቶልስቶይ ልጆቹን ሲያደንቅ ትንሽ ያበዛዋል፤ ልጅን ቅዱስ ማድረግም ቢሆን አለመስማት ነውና። ቅዱስን ማንም አያርመውም፤ የሚያርመው የሌለው ልጅ ደግሞ ብቻውን ነው። የቅኔ ቤት መምህራን በዚህ ረገድ የተሻለ ሚዛን ነበራቸው ማለት ይቻላል። ተማሪው በዱር በገደሉ ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልተናገረውን ቅኔ፣ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፤ ያርማል። ሲያርም ግን የሚያርመው የተማሪውን ቅኔ ነው፤ በእርሱ ቦታ የራሱን አይተካም።

በፍሬኔ ክፍል ልጆቹ የጻፉትን ለጓደኞቻቸው ያነቡና የሚታተመው በድምፅ ይመረጥ ነበር። የተመረጠውም በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ደራሲው ባለበት በጋራ ይታረማል። ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። የድምፅ ብልጫ ለዓይነ አፋር ልጅ አይወግንም፤ አስቂኙ ታሪክ ሁልጊዜ ዝምተኛውን ታሪክ ያሸንፋል። ወንድሟን የቀበረችው ልጅ በዚያ ምርጫ ታሸንፋለች ብሎ የሚወራረድ የለም። ሆኖም ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆማ ታነበዋለች፤ አንድ ክፍል ሰውም ይሰማታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ማለፍ ይገባል፤ የሰማ ሰው ስላለበት ዕዳ።

ፍሬኔ በ1928 ሳን ፖል ደ ቫንስ ወደምትባል መንደር ተዛወረ። ትምህርት ቤቱ የፈራረሰና ንጽሕና የጎደለው ነበር፤ መምህሩ እንዲታደስ ይጠይቃል፤ ከንቲባው እሺ አይልም። ፍሬኔ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል መሆኑም በመንደሩ ሹማምንት ዘንድ የተደበቀ አልነበረም። በዚህ መካከል አንድ ተማሪ ሕልሙን ጻፈ። በሕልሙ ከንቲባው የትምህርት መሣሪያ አልገዛም በማለቱ ክፍሉ ሁሉ ይነሣበታል፤ ልጁም በቢላዋ ከንቲባውን ይገድለዋል። ጽሑፉ እንደሌሎቹ ተመርጦ ታተመ። በ1932 መጨረሻ ላይ የመምህሩ ጠላቶች ያችን ገጽ አግኝተው በትልልቅ ወረቀት አባዝተው በመንደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፏት። ከመንደሩ አልፎ የፓሪስ ቀኝ ክንፍ ጋዜጦች ጉዳዩን ተቀበሉት። መምህሩ ሕፃናትን ግድያ ያስተምራል ተባለ። በ1933 የጸደይ ወራት ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ በትምህርት ቤቱ ደጅ እስከ መሰለፍ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ፍሬኔ ከቦታው እንዲነሣ ተወሰነበት።

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የሚል ሰው እዚህ ላይ ተረቱን መዞ ማውጣቱ አይቀርም። ነገሩን ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። ወረቀቱን በግድግዳ ላይ የለጠፉት ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት ልጅ ያቦካው ለራት እንደማይበቃ ሲያምኑ የኖሩ ናቸው። ልጆች መጸዳጃው ንጹሕ አይደለም፣ ክፍሉ ይበርዳል ሲሉ ማንም ቁምነገር ብሎ አልሰማቸውም። የአንድ ልጅ ሕልም ለጠብ ሲያገለግል ግን ሊጡ ድንገት ለመንደር ግብዣ በቃ። የልጅን ቃል ከናቁት ይልቅ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ሰሚ ነው፤ ሕልሙን ወስዶ ዱለታ ያደርገዋል።

ይህን ማለት ግን መምህሩን ከጥያቄ አያድነውም። ሁለት መልሶች በቀላሉ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ጽሑፉ መጣል ነበረበት የሚል ነው። ይህ ቢደረግ ክፍሉ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ «ደስ የሚል ክረምት» በተመለሰ ነበር፤ ልጅ የትኛው ሕልም እንደሚፈቀድ ለማወቅ አንድ ምሳሌ ብቻ ይበቃዋልና። ሁለተኛው ነፃ ጽሑፍ ነፃ ነው፣ የተጻፈ ሁሉ ይታተም የሚል ነው። ይህም መልስ ቢሆን ልጁን ብቻውን ይተወዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ቀለም አጥር እንደሚዘልል፣ የክፍሉን በር አልፎ የወጣ ወረቀት በማን እጅ እንደሚወድቅ አያውቅም። ያን ማወቅ የአዋቂው ድርሻ ነው። ሕልምን መስማት፣ ስለ ሕልሙ መነጋገር፣ ልጁን ያን ያህል ያስቆጣው ምን እንደሆነ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ከንቲባው በሚኖርበት መንደር ውስጥ አትሞ ማውጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ላይ ፍሬኔ ሳይሳሳት አልቀረም። ስሕተቱ ግን ከመስማት የመጣ ስሕተት ነው፤ ባለመስማት የሚሠራው ስሕተት በግድግዳ ላይ ስለማይለጠፍ ማንም አይቆጥረውም።

ቅጣቱን የተቀበለው መምህሩ ሆነ። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ወጥቶ በ1935 ቫንስ አጠገብ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ኋላም ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሕፃናትን በዚያ ተቀበለ። በ1940 ታስሮ በካምፕ ቆየ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን ቀጥሎ በ1966 ሞተ።

ከዚህ የበለጠ የከፈለ መምህርም ነበር። አንቶኒ ቤናይዠስ የካታሎንያ ሰው ነው፤ በሜዲትራንያን ባሕር አቅራቢያ ያደገ። በ1934 በሰሜን ስፔን፣ በቡርጎስ አውራጃ፣ ባኙኤሎስ ደ ቡሬባ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ተመደበ። የፍሬኔን ዘዴ ያውቅ ነበርና በገዛ ገንዘቡ የማተሚያ መኪና ገዛ። ልጆቹ የራሳቸውን ደብተሮች አተሙ፤ በአገሩ ካሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ጋር ተለዋወጡ። በ1936 መጀመሪያ ካተሟቸው አንዱ ርእሱ ባሕር ነው፤ ባሕርን አይተው የማያውቁ ልጆች ባሕር ምን እንደሚመስል ያሰቡት።

ይህ ርእስ እንደ ክረምቱ ድርሰት መልሱ ቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ይመስላል። መምህሩ ባሕርን ያውቃል፤ በስተዳሩ አድጓልና። በቀይ እስክሪብቶ ሊያርመው የሚችል ብዙ ነገር ነበረ፤ ጥልቀቱን፣ ስፋቱን፣ የውሃውን ጠባይ። አላረመውም። ሊያውቅ የፈለገው ባሕርን ሳይሆን ባሕር በእነዚያ ልጆች ውስጥ ምን እንደሆነ ነበርና፤ ይህን ደግሞ ከእነርሱ በቀር የሚነግረው አልነበረም። እንደየግምታቸው ታተመ። ከልጆቹ አንዷ ባሕሩ በጣም ትልቅና ጥልቅ እንደሚሆን ትገምታለች፤ መምህሩ ወስዶ እንደሚያስዋኛቸው መናገሩን ትጠቅስና እርሷ ግን እንዳትሰጥም ስለምትፈራ እንደማትገባ ታስታውቃለች።

እንዲህ ያለውን ነገር የሰማ ሰው ዝም ብሎ ሊቀመጥ አይችልም። ቤናይዠስ ልጆቹን በመጪው በጋ ወደ ካታሎንያ ወስዶ ባሕርን ሊያሳያቸው ቃል ገባ። በሐምሌ 1936 ወታደራዊው ዐመፅ ተነሣ፤ ቡርጎስ ወዲያውኑ በዐመፀኞቹ እጅ ወደቀች። መምህሩ በዚያው ወር ተይዞ ተገደለ።

በ2010 በቡርጎስ አውራጃ ላ ፔድራሃ በተባለ ስፍራ የብዙ ሰዎች መቃብር ተቆፈረ። የመምህሩ አስከሬን በዚያ እንዳለ ቢታመንም ከወጡት አጽሞች መካከል ለይቶ ማወቅ አልተቻለም። ታሪኩ ግን ከዚያ ወዲህ በመጽሐፍ፣ በ2023ም በፊልም ቀርቧል። ልጆቹ ካተሟቸው ደብተሮች ተጠብቀው የቆዩ አሉ። ስለ ባሕር የታተመችው አነስተኛ ናት፤ በጥቂት ደቂቃ ተነብባ ታልቃለች። መስጠምን የፈራችው ልጅ ሐሳብም፣ አልገባም እንዳለች፣ በዚያችው ገጽ ላይ ይገኛል።